ከቅኝት እስከ ሂፕ ሆፕ፤ ኢትዮ ጃዝና ያልተሰማው የጅማ ድምፅ

የጅማ ስም በዓለም ገበያ የሚታወቀው በቡናዋ ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራና ከማና ተለቅሞ የሚወጣው ቡና የከተማዪቱን ስም በጆንያ ላይ ተሸክሞ ባሕር መሻገር ከጀመረ ብዙ ዘመን አልፎታል። ከዚህ ፍሬ ጋር ባሕር የተሻገረ ሌላ የጅማ ፍሬ መኖሩን ግን የአካባቢው ተወላጅ እንኳ ሁልጊዜ አያስተውለውም። የኢትዮ ጃዝ መሥራች በመባል የሚታወቁት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት በዚችው ከተማ ነው። እርሳቸው ያቀናበሩት ዜማ ዛሬ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ቤቶች ብቻ ሳይወሰን በፓሪስና በለንደን መድረኮች፣ በፊልም ማጀቢያነት፣ ከዚያም አልፎ በአሜሪካና በጃማይካ የሂፕ ሆፕ ከያንያን ሥራ ውስጥ ተቆርጦና ተቀጥሎ ይሰማል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ጉዞ በደስታ ብቻ መቁጠር የሐያሲ ተግባር አይደለም። ሥራው ከምን ተነሣ? ከውጭው ጥበብ ጋር ሲገናኝ ምን ያዘ፣ ምንስ ለቀቀ? ሂፕ ሆፕ ሲቀበለው ምን ጨመረለት፣ ምንስ ቀነሰበት? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የሙዚቃው አባት የተወለዱባት የቡና ምድር የራሷ ድምፅ በዚህ ሥራ ውስጥ አለ ወይስ የለም? እነዚህ ጥያቄዎች በየትምህርት ቤቱ ሙዚቃ ለሚያስተምሩ፣ በየወረዳው የባህል ሥራ ለሚመሩና በየኪነት ቡድኑ ለሚጫወቱ ሁሉ የዕለት ሥራ ጥያቄዎች ናቸው።

ከተማዪቱና ልጇ

ጅማ የመገናኛ አገር ናት። በጊቤ ወንዝ ዙሪያ የነበሩት አምስቱ መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ ከሰሜን፣ ከምሥራቅና ከደቡብ የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝባቸው ነበሩ። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን በጅሬን ኮረብታ ላይ ሲያቆሙ፣ ከታች ያለው የሒርማታ ገበያ የኦሮሞውን፣ የከፋውን፣ የዳውሮውን፣ የየሙን፣ የጉራጌውን፣ የአማራውንና ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ነጋዴ ቋንቋ በአንድ ሜዳ ላይ ያሰማ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ሸቀጥ ብቻ አይለዋወጥም፤ የሠርግ ዘፈን፣ የመንዙማ ዜማ፣ የከበሮ አመታት፣ የዋሽንት አነፋፍም ከሰው ወደ ሰው ይሸጋገራል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ሙላቱን የሠራቸው የጅማ ዜማ ነው» ማለት ማስረጃ የሌለው ውዳሴ ይሆናል። ሙላቱ ገና በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተልከዋል። በዌልስ ትምህርት ቤት ሳሉ ሊያጠኑት ያሰቡት ሙያ የአውሮፕላን ምሕንድስና ነበር፤ የሙዚቃ ዝንባሌያቸው የተገለጠው በዚያው ነው። ከዚያ በለንደን የትሪኒቲ ሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በበርክሊም ከአፍሪካ የመጡ የመጀመሪያው ተማሪ ነበሩ። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የሙያቸው ትምህርት የተገበየው በውጭ አገር ሲሆን፣ ከአገር ቤት ዜማ ጋር ያደረጉት ጥልቅ ትውውቅ ደግሞ በአዋቂነት ዕድሜ፣ በጥናትና በፈቃድ የተደረገ ነው። ይህ ለሥራቸው ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ የአገር ዜማ በትውልድ ብቻ አይወረስም፤ ሊጠና ይገባዋል።

የመጀመሪያው ሙከራና የተገለበጠው ሚዛን

ሙላቱ በኒው ዮርክ ካቋቋሙት የኢትዮጵያ ኩዊንቴት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ስም ሁለት ሸክላዎች አሳትመዋል። ዛሬ እነዚህን ሸክላዎች የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው በመጀመሪያ የኩባንና የፖርቶ ሪኮን ምት ነው። ኮንጋው፣ የፒያኖው አመላለስና የዳንሱ ጠባይ ሁሉ በዚያን ዘመን በኒው ዮርክ ከነገሠው የላቲን ሙዚቃ የተቀዳ ነው። የኢትዮጵያ ቅኝት በመካከሉ ብቅ ይላል፤ ሆኖም በሰው ቤት እንደ ተጋበዘ እንግዳ ጥግ ይዞ ይቀመጣል እንጂ ቤቱን አያዝዝም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም ሲወጣ ሚዛኑ ተገልብጦ ይገኛል። እንደ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ያለ ሁሉም በሠርግ ቤት የሚያውቀው ዜማ፣ እንደ «መስከረም ሲጠባ» ያለ የዘመን መለወጫ ስሜት የተሸከመ አርእስት፣ እንደ «ደወል» ያለ የቤተ ክርስቲያንን ድምፅ የሚጠራ ቅንብር የአልበሙ መሠረት ሆነዋል። የላቲኑ ኮንጋ፣ የኤሌክትሪክ ጊታሩና ቫይብራፎኑ አልቀሩም፤ ነገር ግን አሁን እንግዶቹ እነርሱ ሲሆኑ ባለቤቱ ቅኝቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ ያቋቋሙት አምሐ ሬከርድስ በ1974 ያሳተመው «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ይህንኑ መንገድ በአዲስ አበባ፣ በአገር ልጆች አጨዋወት አጸናው።

ለዚህ ለውጥ መሬቱ አስቀድሞ የለማ እንደ ነበረም መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1924 ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ኔርሴስ ናልባንዲያን ያስተማሯቸው የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች፣ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ ሙላቱ ከውጭ ይዘውት የመጡትን ኖታ የሚነፋላቸው አያገኙም ነበር። ኢትዮ ጃዝ የአንድ ሰው ፈጠራ ቢሆንም የብዙ ሰዎች ጉልበት አለበት።

የቅኝትና የኅብረ ድምፅ ጥያቄ

የሙላቱን ሥራ ክብደት ለመረዳት የገጠማቸውን የሙያ ችግር በግልጽ ማየት ያስፈልጋል። በሙዚቃ ትምህርት ቤት በተለምዶ የሚሰጡት አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። ጃዝ ግን በአሥራ ሁለቱም ድምፆች የሚጠቀም፣ በድምፆች መደራረብ ማለትም በኅብረ ድምፅ የሚራመድ ጥበብ ነው። አምባሰልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ እና ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ይሆናል። በዚህ ውስጥ ሚ የለም፤ ሲም የለም። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች በልማዱ ዶ፣ ሚ፣ ሶልና ሲን ደርቦ ሲመታ፣ ቅኝቱ የማያውቃቸውን ሁለት ድምፆች አስገባ ማለት ነው። ያን ጊዜ አምባሰል አምባሰልነቱን ያጣል፤ ሐዘኑ ይገፈፋል፤ የሚቀረው በኢትዮጵያዊ ስም የሚጠራ ተራ የዳንስ ሙዚቃ ይሆናል።

ይህን ጉዳት ብዙ ቅንብሮች ላይ መስማት ይቻላል። ሙላቱ በተሻሉት ሥራዎቻቸው ያገኙት መፍትሔ ቀላል በመምሰሉ ሊዘነጋ የሚችል ነው። ዜማውን የነፋስ መሣሪያዎቹ በአንድነት ይይዙታል፤ ማንም አይነካባቸውም። ባስ ጊታሩ ከቅኝቱ የተቆረጠ አጭር ሐረግ ይዞ ሳያቋርጥ ይመላለሳል። የኪቦርዱና የቫይብራፎኑ ድርብ ድምፅ ደግሞ መንገድ ለመምራት ሳይሆን ጥላ ለመጣል በጥቂቱ ይገባል። በ«የከርሞ ሰው» እና በ«የግሌ ትዝታ» ይህ አሠራር ጎልቶ ይሰማል። አድማጩ የጃዝን ስፋት ይሰማል፤ ቅኝቱ ግን አልተሰበረም። ይህን ሚዛን የሳተ ተከታይ ሁሉ፣ የሙላቱን መሣሪያዎች ቢሰበስብም፣ የሙላቱን ሥራ አልሠራም።

እዚህ ላይ ከአዲሱ ትውልድ ጥበብ ጋር የሚያገናኝ አንድ ነጥብ አለ። ያ የማያቋርጥ የባስ ሐረግ፣ ቅኝቱን ለመጠበቅ የተዘረጋው አጥር፣ ከዓመታት በኋላ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎችን ጆሮ የሳበው እርሱ ራሱ ነው።

ሌላው መንገድ፤ ሽለላ በሳክስፎን

ኢትዮጵያዊ ጃዝ ወደ መድረክ የወጣው በአንድ በር ብቻ አይደለም። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ከውጭ ትምህርት ቤት አልመጡም። ሽለላንና ፉከራን፣ ማለትም ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰማውን የድምፅ ስብራት፣ ጩኸትና መንቀጥቀጥ፣ በቀጥታ ወደ ሳክስፎን አስገቡት። ውጤቱን የሰሙ የውጭ ሐያስያን በአሜሪካ እነ ኦርኔት ኮልማን ከጀመሩት ነፃ ጃዝ ጋር አመሳስለውታል። ምንጩ ግን የአገር ፉካሪ ጉሮሮ ነበር። ጌታቸው በስተእርጅናቸው ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አቅርበው፣ በ2016 አርፈዋል።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ለተማሪ ጠቃሚ ነው። ሙላቱ የውጭውን መዋቅር ወስደው በውስጡ የአገሩን ቅኝት አስቀመጡ፤ ጌታቸው የአገሩን ጉሮሮ ወስደው የውጭውን መሣሪያ አስገደዱት። የጅማ በርጩማ ጠራቢ ከአንድ ግንድ መቀመጫውንም እግሮቹንም ያወጣል፤ አናጢው ግን ሳንቃ ከሳንቃ ጋር ያገጣጥማል። ሁለቱም ወንበር ይሠራሉ። ሆኖም ከአንድ ግንድ የወጣው በመጋጠሚያው አይላላም። ጌታቸው ጠራቢ ናቸው፤ ሙላቱ አናጢ ናቸው። የሙላቱ ታላቅነት መጋጠሚያው እንዳይታይ እስኪሆን ድረስ ማጥበቃቸው ነው።

የተቋረጠው ድምፅና መልሶ መገኘቱ

እ.ኤ.አ. በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ሙላቱ አብረውት በመድረክ ቆመዋል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሠፈር ከጃማይካ የመጣ ኩል ኸርክ የተባለ ወጣት ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከዘፈኑ መካከል ከበሮውና ባሱ ብቻ የሚቀሩበትን ቁራጭ እየደጋገመ ጎረቤቱን ያስጨፍር ነበር። የመጀመሪያው ክስተት በቤተ መንግሥት ክብር፣ ሁለተኛው በመኖሪያ ቤት ግብዣ የተደረጉ ናቸው። ሁለቱ ድምፆች ለመገናኘት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀባቸው።

በዚህ መካከል የአዲስ አበባ የሙዚቃ ሕይወት ከባድ ጊዜ አሳልፏል። ከ1974 የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶችን ዘጋ፤ አምሐ እሸቴ በ1975 ከአገር ወጡ፤ የሸክላ ኅትመትም ብዙ ሳይቆይ ቆመ። በስደት የቀጠሉም ነበሩ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና ከምት ማሽን ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት አወጡ፤ ኑሯቸውን ግን ታክሲ እየነዱ ይመሩ ነበር። ያ ካሴት በ2013 ዳግም ሲታተም ወጣት አድማጮች በዘመናቸው የተሠራ እስኪመስላቸው ድረስ አዲስ ሆነባቸው፤ አኮርዲዮኑ የሚሄድበት የምት ማሽን የሂፕ ሆፕ መሣሪያ ነውና።

የሙላቱ ሥራ ለዓለም አድማጭ በስፋት የተገለጠው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት አራተኛ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በ2005 የአሜሪካው ዲሬክተር ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ለተባለው ፊልሙ እነዚህን ዜማዎች ሲጠቀምባቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀዳ ድምፅ የዘመኑ ወሬ ሆነ። የአገር ሀብት በሌላ እጅ ታትሞ፣ በሌላ ፊልም ታጅቦ ወደ ባለቤቱ መመለሱ የሚያስደስትም የሚቆጭም ነገር አለው።

ሂፕ ሆፕ ሲቀበለው

ሂፕ ሆፕና ጃዝ በአሜሪካ የተዋወቁት ቀደም ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት ባወጡት አልበም ላይ ዕውቁ የጃዝ ባስ ተጫዋች ሮን ካርተር ተጫውቷል፤ በ1993 ጉሩ የተባለው ራፐር «ጃዝማታዝ» በሚለው ሥራው የጃዝ ሊቃውንትንና ራፕን በአንድ ስቱዲዮ አገናኝቷል፤ በ2015 ደግሞ የኬንድሪክ ላማር አልበም እንደ ካማሲ ዋሽንግተን ያሉ የጃዝ ሰዎችን አሳትፏል። በዚህ ጥበብ ውስጥ ሳምፕል የሚባለው አሠራር ዋና ነው። ከነበረ ቀረፃ ላይ አጭር ቁራጭ ይወሰዳል፤ ይደጋገማል፤ በላዩ ግጥም ይነገርበታል።

ከዚህ አሠራር ጋር የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲገናኝ ሁለት ዓይነት ውጤት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦ ኖ የተባለው አሜሪካዊ አቀናባሪ «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» በሚል ርእስ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ቀረፃዎች ቁራጭ ሠርቷል። ብልሃቱ አይካድም፤ ነገር ግን ቁራጮቹ በፍጥነት እየተፈራረቁ ሲያልፉ የአንዱ ቅኝት ጠባይ ከሌላው አይለይም፤ ሁሉም «እንግዳ ድምፅ» ተብለው በአንድ ከረጢት ይገባሉ። ትዝታ ከባቲ የማይለይበት ሥራ፣ ድምፁን ቢወስድም ቋንቋውን አልሰማም።

በአንፃሩ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» አልበም መክፈቻ ላይ የ«የግሌ ትዝታ»ን ቁራጭ የተጠቀሙበት አኳኋን የተለየ ነው። ሁለቱ ድምፃውያን ስንኙን በየግማሹ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየነጠቀ ይሄዳሉ። ይህ ቅብብል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ አይደለም፤ በአዝማሪ ቤት ግጥም የሚቀበል፣ በደቦ ሥራ ላይ አውጪና ተቀባይ ሆኖ የሚዘፍን፣ በፉከራ አንዱ ከሌላው አፍ የሚነጥቅ ሕዝብ ያውቀዋል። የሙላቱ የባስ ሐረግም በተፈጥሮው ለመመላለስ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሲቆረጥ አልቆሰለም። ሥራው የሠመረው ቁራጩ በአግባቡ ስለ ተመረጠ ብቻ ሳይሆን፣ በላዩ የተጨመረው አነጋገር ከቁራጩ ጠባይ ጋር ስለ ተስማማ ነው።

ሆኖም የጎደለውንም መናገር ያሻል። በዋናው ቅንብር ውስጥ ሐረጉ መነሻ ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ ዜማው ይራመዳል፣ ነጠላ ተጫዋቹ ይወጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይመለሳል። በሳምፕሉ ውስጥ ግን መነሻው ራሱ መድረሻ ሆኗል። ትዝታ በአማርኛ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆን ያለፈውን የማሰብ ሥራም ነው፤ ማሰብ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጥቂት ሰከንድ እየተደጋገመ የሚሰማ ትዝታ፣ ሐዘኑን ይጠቁማል እንጂ አያስተክዝም። ስለዚህ ሳምፕሉን የሰማ ወጣት ወደ ዋናው ሥራ እንዲሄድ ማስተማር የመምህራን ድርሻ ነው።

ጥሬው ፍሬና የተቆላው

የቡና አገር ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ፣ ጥሬው ቡና በጆንያ ወጥቶ፣ በሌላ አገር ተቆልቶና ታሽጎ በሌላ ስም ሲሸጥ አይቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ፣ በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ የደረሰችው፣ ስም ራሱ ሀብት መሆኑን በመገንዘብ ነበር። የጅማና የሊሙ ስም ከሦስቱ መካከል አልነበረም።

በሙዚቃም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአቀናባሪ፣ ለከዋኝና ለቀረፃ አሳታሚ መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ሕጉ በተግባር የሚጠቅመው ባለቤቱ የታወቀን ሥራ ነው። ያልተቀዳ፣ ዘፋኙ ያልተጠቀሰ፣ ቦታና ቀኑ ያልተጻፈ ዜማ እንደ ጫካ ቡና ማንም የሚለቅመው ይሆናል። የሙላቱ ሥራ ባለቤቱ ታውቆ መጠቀስ የቻለው በሸክላ ታትሞ፣ ስም ተጽፎበት በመቆየቱ ነው። ስለ ሌሎቹስ?

ያልተሰማው ድምፅ

ሙላቱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከአራቱ ቅኝቶች ወሰን ለመውጣት መጣራቸው ሊመሰገን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» አልበም ላይ ከሚገኙት አርእስቶች መካከል ጋሞ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ደራሼ፣ ጉሙዝና ሱርማ ይጠራሉ። በተለይ ስለ ደራሼ ሕዝብ የፊላ ዋሽንቶች በየመድረኩ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ደራሼዎች የሚጠቀሙበት የድምፅ አደራደር እነ ቻርሊ ፓርከር በጃዝ ውስጥ የታወቁበትን የሚመስል፣ ከእነርሱም የቀደመ መሆኑን ያስረዳሉ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር አድማጭን ቢያኮራም ዋናው ቁም ነገር እርሱ አይደለም። ዋናው ነገር የፊላ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ወይም ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው፣ ሳይዘገይና ሳይቀድም ሲነፋ ነው። የዳውሮ ረጃጅም ዲንካዎችም የሚጫወቱት በዚህ ዓይነት መደጋገፍ ነው። ይህ አሠራር ለጃዝም ለሂፕ ሆፕም አቀናባሪ ገና ያልተነካ የዕውቀት ጎተራ ነው።

በዚህ አልበም አርእስቶች ዝርዝር ውስጥ ግን ጅማ የለችም። የሙዚቃው መሥራች የትውልድ ከተማ በሕይወት ታሪካቸው የመጀመሪያ መስመር ላይ ትጠቀሳለች፤ በድምፁ ውስጥ ግን ትፈለጋለች። ይህን የሙላቱ ጥፋት አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይደለም። አንድ አቀናባሪ የሚሠራው ካገኘው ነው፤ የጅማን ዜማ ቀድቶ፣ አጥንቶና አደራጅቶ ከፊቱ ያስቀመጠለት ብዙ አልነበረም።

ያለው ነገር ግን ጥቂት አይደለም። የኦሮሞው ጌራርሳ አለ፤ ዘፋኙ ምት ሳይገዛው ረጅም ትንፋሽ ይዞ ገድሉን፣ በደሉንና ትውልዱን ይዘረዝራል፤ አድማጩ በአጭር ቃል ይመልስለታል። ከራፕ ጋር የሚያመሳስለው ጥድፊያው ሳይሆን የንግግርና የዜማ ድንበር ላይ መቆሙ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን እንደ ነፉት፣ ጌራርሳን በሳክስፎን የሚነፋ የጅማ ወጣት ቢነሣ አዲስ ምዕራፍ ይከፈታል። በጅማና በጎማ የተሰደረው የመንዙማ ልማድ አለ፤ አውጪው ብቻውን ሲያዜም፣ ጉባኤው ሲቀበል፣ ከበሮው ቀስ እያለ ሲጠነክር አንድ ሐረግ በመደጋገም ብቻ እንዴት ወደ ላቀ ስሜት እንደሚያደርስ ያሳያል። ይህ የአምልኮ ዜማ ስለ ሆነ በምሽት ቤት የሚቆረጥና የሚቀጠል አይደለም፤ አክብሮት ይሻል። ከአሠራሩ ግን መማር ይቻላል። የለቀማ ወቅት ዘፈን፣ የሠርግ ዘፈን፣ የሴቶች እንጉርጉሮም እንዲሁ በየቀበሌው አሉ።

የአገር ውስጥ ወጣቶች ይህ መንገድ እንደሚቻል በሌሎች አካባቢዎች አሳይተዋል። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋሕዶ «ጉራጌ ቶን» ብሎ ሲያቀርበው፣ ሰው የተቀበለው ራፕ በመሆኑ ሳይሆን እግሩ የሚያውቀውን ምት በማግኘቱ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እነ ሚካኤል ሰይፉ፣ በፒያኖ ሳሙኤል ይርጋ የየራሳቸውን ጎዳና ቀደዋል። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ጸንተው የሚቆዩት፣ ቁራጩን ከአገር ቤት፣ አነጋገሩንም ከራሳቸው ሕይወት የወሰዱት ናቸው። የአሜሪካን ሠፈር ቁጣ በአማርኛ የሚደግመው ግን፣ ቃሉ የአገር ልጅ ቢሆንም፣ ስሜቱ በውሰት የመጣ ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የሚገኙ መምህራንና የባህል ሠራተኞች የአካባቢውን ዜማ ሊቀዱ ይገባል። ለዚህ ሥራ ዛሬ ትልቅ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክ ይበቃል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው፤ የዘፋኙ ስምና ፈቃድ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የዘፈኑ ጊዜና ምክንያት አብሮ ይጻፍ። ዘፋኙ የጠቀሰውን ሰው፣ ዜማውን ከማን እንደ ተማረው ጭምር። ይህ ከሌለ ቀረፃው ድምፅ እንጂ ቅርስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የሙዚቃ ትምህርት በአራቱ ቅኝቶች ላይ ብቻ እንዳይቆም። አራቱ ቅኝቶች ትልቅ ሀብት ናቸው፤ የአገሪቱ ዜማ ሁሉ ግን በእነርሱ አይለካም። የኦሮሞን፣ የከፋን፣ የዳውሮንና የደራሼን ዜማ «ይህ ወደ ትዝታ ይቀርባል» ብሎ በግድ ከማስገባት፣ እንዳለ ሰምቶ ስሙን ከባለቤቱ መጠየቅ ይሻላል። በዚህ ረገድ በጅማ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ የአባ ጅፋርን ቅርሶች የያዘው ሙዚየምና የኪነት ቡድኖች ቢተባበሩ አንዱ ለአንዱ የጎደለውን ይሞላል።

ሦስተኛ፣ ለወጣት ከያንያን፤ ሳምፕል ማድረግ ነውር አይደለም፤ አለማወቅ ግን ነውር ነው። ቁራጭ ከመቁረጥ በፊት ሙሉውን ማዳመጥ፣ ቅኝቱን መለየት፣ ባለቤቱን መጠየቅና ስሙን መጥራት የሙያው ሀሁ ናቸው። ሙላቱ የሠርግ ዜማን ወደ ጃዝ ያስገቡት ከቦስተን ትምህርታቸው በኋላ ነው፤ ይኸውም የውጭውን ጥበብ ጠንቅቀው ካወቁ፣ የአገሩንም ተመልሰው ካጠኑ በኋላ። ሁለቱን ሳያውቁ ማዋሐድ ሁለቱንም ማበላሸት ይሆናል።

ኢትዮ ጃዝ ዓለምን የዞረው ቅኝቱን ስላልሸጠ ነው። ሂፕ ሆፕም የተቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአሜሪካ የተሞላ ስቱዲዮ ውስጥ የራሱን አሜሪካዊ ድምፅ መልሶ ቢሰማ ኖሮ ቁራጩን ባልፈለገው ነበር። ይህ ሐቅ ለጅማ ወጣት ትልቅ ተስፋ ነው፤ ጊዜው ግን አይጠብቅም። ጌራርሳውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች፣ የለቀማውን ዘፈን የሚያወጡት እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ዛሬ ያልተቀዳውን ዜማ ነገ ጃዝም ሂፕ ሆፕም አያገኘውም።